ሒሳቡን ያላየ ሕዝብ ማንን ይጠይቃል?

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት ጡረታ የወጡ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በአዲስ አበባ አንድ የሠፈር ዕድር ዓመታዊ ጉባዔ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች እዚህም እዚያም ከማሳጠር በቀር ቃላቸውን አልነካንም።)



ቅድም ስብሰባው ሲጀመር የሆነውን ልብ ብላችሁት እንደሆነ አላውቅም። ገንዘብ ያዣችን ተነሥተው የዓመቱን ሒሳብ አነበቡ። ከአባላት ስንት ገባ፣ ለቀብር ስንት ወጣ፣ ድንኳኑ በስንት ተጠገነ፣ አዲሶቹ ወንበሮች በስንት ተገዙ፤ አንድ ሳይቀር ሰማን። ከወደ ኋላ አንዲት እናታችን እጃቸውን አውጥተው «የወንበሮቹን ደረሰኝ እስቲ አሳዩን» አሉ። ገንዘብ ያዣችን አልተቆጡም። «ማን ልኮዎት ነው?» አላሉም። «ጉዳዩ እርስዎን አይመለከትም» አላሉም። ከቦርሳቸው መዝዘው ሰጡ። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው አዩና «እሰይ፣ ይባረኩ» ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው ቀጠለ።

እንግዲህ እኛ ለፕላስቲክ ወንበር ደረሰኝ የምንጠይቅ ሕዝብ ነን። ታዲያ ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ወረዳው ቢሮ ስንገባ አፋችንን ምን ይለጉመዋል? በራችን ላይ የተቆፈረው የፍሳሽ ቦይ ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ አፉን እንደ ከፈተ ነው። ስንት ብር ተመደበለት? ሥራውን ማን ወሰደው? መቼ ማለቅ ነበረበት? ከመካከላችን የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? ገንዘቡ ግን የማን ነው? የኛው ነው። ሳሙና ስንገዛ፣ ደመወዝ ስንቀበል፣ ሱቅ ስንከፍት የከፈልነው ግብር ነው።

ዳኛችን «ስለ መልካም አስተዳደር አንድ ነገር በለን» ብለው ነው ያቆሙኝ። ብዙ የማውራት ሐሳብ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ መንግሥት የያዘውን መረጃ ማየት ያልቻለ ሕዝብ ባለሥልጣኑን ተጠያቂ ሊያደርግ አይችልም። መረጃውን ለማየት ደግሞ በቃል መለማመጡን ትተን በጽሑፍ መጠየቅ አለብን።

302 ቀን

ድሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ንጉሥ የማይከሰሰው ጥፋት ስለሌለው አይደለም፤ ጥፋቱን የሚያሳየው ወረቀት በራሱ ቤት ስለሚቆለፍ ነው እንጂ።

የዚህ ነገር ዋጋ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ወሎ እንሂድ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ ስለ መጋለጡ ባጠኑት ጥናት ውስጥ የተመዘገበ አንድ ታሪክ አለ። በኅዳር ወር 1958 ዓ.ም በወረኢሉ ረሃብ መግባቱን የሚገልጽ የፖሊስ ሪፖርት ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ያ ወሬ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱም አንድ ነገር ይደረግ ብለው ሚኒስቴሩን አዘዙ። ሚኒስቴሩ ምን አደረገ? እህል ላከ? የለም! የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ይላክልን ብሎ ወደ ወሎ ጻፈ።

ልብ በሉ፣ መረጃው ነበረ። ፖሊሱ ሥራውን ሠርቷል፤ አይቷል፣ ጽፏል፣ ልኳል። ነገር ግን ወረቀቱ የሹማምንት ጉዳይ እንጂ የሕዝብ ጉዳይ ተደርጎ አልታየም። ያ ሪፖርት ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ቢሆን፣ ደሴ ገበያ ላይ ተነብቦ ቢሆን፣ የፓርላማ አባል ቆሞ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅበት ኖሮ 302 ቀን የሚተኛበት መሳቢያ አያገኝም ነበር።

ትምህርት ተወሰደ ወይ? አልተወሰደም። በ1965 ዓ.ም ወሎ እንደገና ተራበ። መንግሥት ዝም አለ። ዝምታውን የሰበሩት ቦታው ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያሳዩት መምህራንና አብረዋቸው የጮኹት ተማሪዎች ናቸው። ዓለም የሰማው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም ፊልሙን ካሳየ በኋላ ነው። የኛ ሕዝብ ያንን ፊልም በገዛ ቴሌቪዥኑ ያየው መቼ ነው? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው! ያሳየውም ደርግ ነው። መረጃው ለሕዝብ የወጣው መብት ሆኖ አይደለም፤ ሥልጣን የሚወስደው ወገን ሥልጣን የሚለቀውን መምቻ አድርጎት ነው።

ያው ደርግ በተራው ምን አደረገ? በ1976 ዓ.ም የገዛ መሥሪያ ቤቱ፣ የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን፣ «ሕዝብ ሊያልቅ ነው» ብሎ ጮኸ። መንግሥት ግን አሥረኛውን የአብዮት በዓል እያሸበረቀ ነበር። በዓሉ እንዳይበላሽ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። የኮረም ሥዕል በቢቢሲ የታየው በጥቅምት 1977 ዓ.ም ከበዓሉ በኋላ ነው። ያኔ የስንት ሰው ነፍስ ወጥቷል!

እኔ ይህን የማነሣው የሞቱ መንግሥታትን ለመውቀስ አይደለም። የመንግሥት ስም ተለወጠ፣ ሰንደቁ ላይ ያለው ምልክት ተለወጠ፣ መሳቢያው ግን እንደ ተቆለፈ ነው፤ ይህን ለማለት ነው።

«ፋይሉ ጠፍቷል»

እኔ ሠላሳ ዓመት ግድም መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፋይል እግር የለውም። ደብዳቤ ሲመጣ ገቢ መዝገብ ላይ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ የላኪው ስም፣ ጉዳዩ፣ ወደ ማን እንደ ተመራ ይጻፋል። ፋይል ሲወጣ የወሰደው ሰው ይፈርማል። ስለዚህ «ጠፍቷል» ሲባል ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ ሁለት ነው፤ ወይ ማንም ሊፈልገው አልተነሣም፣ ወይ እንዳይገኝ የሚፈልግ ሰው አለ።

ኃጢአቴን ልናዘዝ። በ1980ዎቹ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት የባላቸውን የጡረታ ፋይል ፍለጋ እኔ እሠራበት ወደ ነበረ መሥሪያ ቤት ይመላለሱ ነበር። አለቃዬ «ጠፍቷል በላት» አለኝ። እኔም ደመወዜን የምፈራ ሰው ነኝና «እናቴ፣ ጠፍቷል» አልኳቸው። ፋይሉ ግን አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ስሕተት የሚያሳይ ወረቀት ውስጡ ስለ ነበረበት። ሴትዮዋ ወራት ተመላለሱ። ሲመጡ «ነገ ይምጡ»፣ ሲመጡ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»።

አንድ ቀን ማመልከቻ አጽፈው መጡ። «ልጄ፣ ይህን ተቀበለኝና ገቢ ቁጥሩን በቅጂው ላይ ጻፍልኝ» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ማኅተም መታሁ። ያን ቀን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ለምን? እስከዚያ ድረስ የነበረው የአንዲት ሴት ልመና ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ቁጥር ያለው ወረቀት ሆነ። ቁጥር ያለው ወረቀት መልስ ይፈልጋል። መልስ ካልተሰጠው «ማን ጋ ቆመ?» ይባላል፤ የቆመበት ሰው ስም መዝገቡ ላይ አለ። በሳምንቱ «የጠፋው» ፋይል ተገኘ።

ያኔ ይህ የመረጃ አዋጅ የሚባለው አልነበረም። ሴትዮዋ የነበራቸው አንድ ወረቀትና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አሁን ግን ከዚያ የበለጠ አለን።

30 ቀን

በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምና ተመራጭም ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ደግሞ ማንም ሰው መረጃ የመሻትና የመቀበል መብት አለው ይላል። ከዚያ በ2000 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 590 ወጣ። ስሙ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ነው። ጋዜጠኛውን የሚያስረው ክፍል ብዙ ተወራለት፤ ለዜጋው የሚጠቅመው ክፍል ግን ተረሳ። በ2013 ዓ.ም አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣም የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተሻረም።

ምን ይላል? የመንግሥት አካል የያዘውን መረጃ ማንኛውም ሰው መጠየቅ ይችላል። ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል፤ መጻፍ የማይችል በቃል ቢናገር የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሊጽፍለት ይገባል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ቢከለከል ምክንያቱ ይነገረዋል። ባይስማማ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእምባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

እዚህ ላይ «ታዲያ የመንግሥት ምሥጢር ሁሉ ይዘክዘክ ነው ወይ የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። አላልኩም። አዋጁ ራሱ የአገር መከላከያን፣ የግለሰብን ገመና፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀልን፣ የካቢኔ ሰነድን የመሳሰለውን ለይቶ አስቀምጧል። የፍሳሽ ቦይ በጀት ግን የመከላከያ ምሥጢር አይደለም። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ግዢ የመከላከያ ምሥጢር አይደለም።

ሌላም አለ። ወረዳ ስትሄዱ «መመሪያው አይፈቅድም» ትባላላችሁ አይደል? «መመሪያውን አሳዩኝ» ስትሉስ? «የውስጥ መመሪያ ነው»። ጉድ እኮ ነው! ሰው የሚዳኝበት ሕግ ከሰው ይደበቃል? ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2012 ዓ.ም የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 1183፣ ይህንን ከልክሏል። መመሪያ ሲወጣ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ተመዝግቦም ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ያዛል። ያልተመዘገበ መመሪያ አይሠራም ብሏል።

ከ302 ቀን እስከ 30 ቀን፤ በወረቀት ላይ ረጅም መንገድ መጥተናል። ችግሩ ወረቀቱ ከነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም። ለምን አልወጣም? የሚጠይቅ የለማ! አዋጅ እንደ ጉድጓድ ውኃ ነው፤ ባልዲ የሚጥል ከሌለ ጥም አይቆርጥም።

የሕንድ ገበሬዎች ምን አደረጉ?

«ይህ የተማረ ሰው ነገር ነው፤ ድኻ በመረጃ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ካለ አንድ ታሪክ ይስማኝ።

ሕንድ ውስጥ ራጃስታን የሚባል ደረቅ አገር አለ። በድርቅ ዘመን መንግሥት መንገድና ግድብ እያሠራ የቀን ደመወዝ ይከፍላል። ገበሬዎቹ ግን ደመወዛቸው ይጎድላል። ሲጠይቁ «ሙሉውን አልሠራችሁም፤ መዝገቡ ላይ እንዲህ ይላል» ይባላሉ። «መዝገቡን አሳዩን» ሲሉ «የመንግሥት ምሥጢር ነው» ይባላሉ፤ እንግሊዝ በእ.ኤ.አ. 1923 ያወጣው የምሥጢር ሕግ ይጠቀስባቸዋል። አካፋ ይዞ የዋለ ሰው የዋለበት ቀን ምሥጢር ነው ተባለ!

ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን የሚባል የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ አሩና ሮይ ይባላሉ፤ ትልቅ የመንግሥት ሹመታቸውን ጥለው ገጠር የገቡ ሴት ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ ማኅበሩ እንደ ምንም ያገኘውን መዝገብ ይዞ መንደር ለመንደር ዳስ እየጣለ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ልክ እንደኛ ዕድር። «እገሌ፣ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተከፈለው»። እገሌ ከሕዝቡ መካከል ይነሣና «እኔ በዚያን ጊዜ እዚህ አገር አልነበርኩም» ይላል። የሞተ ሰው ደመወዝ ሲቀበል ተገኘ። በወረቀት ላይ ተሠርቶ ያለቀ፣ በመሬት ላይ ግን የሌለ ሥራ ተገኘ። መፈክራቸው «ገንዘባችን፣ ሒሳባችን» የሚል ነበር።

በእ.ኤ.አ. 1996 ቢያዋር በምትባል ከተማ 40 ቀን መንገድ ዳር ተቀመጡ። ራጃስታን በእ.ኤ.አ. 2000 የመረጃ ሕግ አወጣ፤ በእ.ኤ.አ. 2005 ሕጉ ለመላው ሕንድ ሆነ። አሁን እዚያ አገር አንድ ተራ ሰው 10 ሩፒ ከፍሎ የመንግሥትን መዝገብ ይጠይቃል። ነገሩ ሁሉ ማር ነው አልልም። ሙሰኛን ያጋለጠ ጥያቄ ያቀረቡ ሰዎች ተገድለዋል። ሰው የሚገደልበት ነገር ግን ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም። ሌባ የሚፈራው ስድብ አይደለም፤ ስድብ ለምዷል። ሌባ የሚፈራው መዝገብ ነው።

መረጃ ሲዘጋ ወሬ ይነግሣል

ወደ ራሳችን እንመለስ። በኅዳር 2011 ዓ.ም የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቀርበው ሜቴክ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት 37 ቢሊዮን ብር ግድም የሚሆን የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አሉ። አገር ጉድ አለ። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ ግዢው ሲፈጸም የት ነበርን? ያ ሁሉ የግዢ ሰነድ የተጻፈው በመንግሥት ወረቀት ላይ፣ የተከፈለውም በኛ ገንዘብ ነው። እኛ የሰማነው ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ባለ ጊዜው ሲለወጥ ነው። ልክ እንደዚያ እንደ መስከረም 1967 ዓ.ም ማታ! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚሠራው ሕዝብ ሲበላ ሳያይ፣ ሲሻር ብቻ በሚሰማበት አገር ነው። መረጃ በጊዜው ከተገኘ ሌባ ሳይሰርቅ ይያዛል። ዘግይቶ ከመጣ ግን ለሹመኞች ጠብ ማሟሟቂያ ነው።

መረጃ ሲዘጋ ሕዝብ ዝም አይልም፤ ወሬ ያወራል። ወሬው የንጹሑን ሹም ስም ከሌባው ጋር አብሮ ያጠፋል። ጋዜጠኛው መረጃ ሊያጣራ ሲሄድ በሩ ይዘጋበታል፤ የሰማውን ሲጽፍ «ሐሰት ጻፍክ» ተብሎ ይከሰሳል። የግል ጋዜጦች በ1985 ዓ.ም ከወጡ ጀምሮ ስንቱ በዚህ መንገድ ወኅኒ ወረደ! ለዜጋም ያው ነው። «ሌብነት አለ» ስትል «ማስረጃ አምጣ» ትባላለህ። ማስረጃው የት ነው ያለው? «አምጣ» ባለህ ሰው ካዝና ውስጥ!

ደግሞ ለመንግሥት ብቻ አይደለም የምናገረው። ነገ ሥልጣን ይዤ አገር አቀናለሁ የሚለው ተቃዋሚም ከአባላቱ የሰበሰበውን ብር ዛሬ ያሳየን። የፓርቲውን ሒሳብ የሚደብቅ የአገር ሒሳብ አያሳይም።

ምን እናድርግ?

«ስሜ ይመዘገብብኛል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ያደግሁት በዚያው ፍርሃት ነው፤ አልፈርድባችሁም። መፍትሔው ግን እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ሬሳ ለብቻችን አንቀብርም፤ ጥያቄስ ለምን ለብቻችን እንጠይቃለን?

ሐሳቤ ይኸውና። ዕድራችን አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። ስድብ የለበትም፤ ፖለቲካ የለበትም። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ለፍሳሽ ቦዩ የተመደበው በጀት ስንት ነው? ሥራውን የወሰደው ማን ነው፣ እስካሁንስ ስንት ተከፈለው? ውሉ መቼ ይጠናቀቃል ይላል? የምንፈርመው ሁላችንም ነን። ደብዳቤው ገቢ ይደረግ፤ ገቢ ቁጥሩና ቀኑ በቅጂው ላይ ይጻፍ፤ ቅጂው እዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ 30 ቀን እንቆጥራለን። መልስ ከመጣ ገንዘብ ያዣችን እንዳነበቡት ቆመን እናነበዋለን። ካልመጣ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያ ለእምባ ጠባቂ እንጽፋለን። እምቢታም ቢመጣ እምቢታው ራሱ መረጃ ነው፤ ማን እንደ ደበቀ ይነግረናልና። ደብዳቤውን ለመጻፍ እኔ አለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ስቀበል ኖሬያለሁ፤ አንዱን ደግሞ እኔ ላስገባ።

ጡሩምባ ነፊያችን ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። እሳቸው ጡሩምባውን የሚነፉት ሰው ሲሞት ነው። ሚኒስቴሩም ያኔ የጠየቀው የሞቱትን ስም ነበር። እኛ ግን የሰው ነፍስ ሳይወጣ፣ ቦዩ ሕፃን ሳይበላ፣ ገንዘቡ ሳያልቅ ቀድመን እንጠይቅ።